የሰባተኛው ተራ ጋቢ

የመሬት ልኬታውን የሚቃወም የገበሬዎች አቤቱታ ጻፍክ ተብዬ ደብረ ማርቆስ ወህኒ ቤት ስገባ፣ መጀመሪያ ዓይኔ ያረፈው የሸማኔ ጉድጓድ ላይ ነው። አንድ የመርጡለ ማርያም ሙስሊም ነጋዴ እግራቸውን ጉድጓዱ ውስጥ ሰደው ጋቢ ይሸምናሉ። አጠገባቸው አንድ ባላምባራስ ጥጥ ያባዝታሉ። ሳቄ መጣ። በእኛ አገር ሽመና ያስንቅ ነበር፤ የቄስ ልጅ ነኝና እኔም እንደ ደንቡ ናቅሁ።

ነጋዴው እንዝርት አቀበሉኝ።

«እኔ እንኳ ጸሐፊ ነኝ» አልኋቸው።

«እዚህ ሁሉም ሁሉን ይለምዳል ልጄ። በየሳምንቱ ሥራ እንቀያየራለን። ነገ እኔ ብጠራ ጉድጓዱ ባዶ እንዳይሆን።»

ከተማው ጋቢ ያዝዘናል፤ በገቢው ጠያቂ የሌለው እስረኛ ይበላል። ያዘዙት ሰዎች ስም በተራ ግድግዳው ላይ በከሰል ይጻፋል፤ የደረሰለት ይሰረዛል።

ሥራውን ስለማመድ ከርሜ፣ አንድ ቀን የወህኒ ቤቱ አዛዥ ጋቢ አዘዙና ከሁሉም በፊት ይሠራልኝ አሉ። ነጋዴው በትሕትና «ሰባተኛ ነዎት» አሏቸው። በማግስቱ ጨለማ ቤት ተወሰዱ። አዛዡም በራፋችን ላይ ቆመው፣ «ለቅዳሜ የተቀጠረው የመጀመሪያው ተረኛ ጋቢ ካልደረሰ የሽመናው ዕቃ ሁሉ ተለቅሞ ይወጣል» አሉን።

ጉድጓዱን አየነው። የሳምንቱ የሽመና ተራ የእኔ ነበር። እያፈርሁ እግሬን ሰደድሁ። ባላምባራሱ ማግ እያጠነጠኑ ያቀብሉኛል፤ ድር ሲበጠስ አንድ የአምበር ገበሬ ይቀጥላል። ዐርብ ረፋድ ላይ ክንድ ያህሉ ሳስቶ አገኘነው። ነጋዴው ቢኖሩ አፍርሱት ይሉን ነበር፤ ማንም ሳይከራከር ተረተርነው።

ቅዳሜ ጠዋት አዛዡ ገቡ። የታጠፈውን ጋቢ ዘረጉት፣ ገለበጡት፣ ወደ ብርሃን ያዙት። እንከን አጡለት።

«በሉ፣ የሚቀጥለው የእኔ ነው።»

ከሰል አነሣሁና የመጀመሪያውን ስም ሰረዝሁ።

«አሁን ስድስተኛ ሆነዋል ጌታዬ» አልኋቸው።

ባላምባራሱ ከጥጣቸው ቀና ሳይሉ፣ «አይቆይብዎትም፤ እጃችን ፈጣን ነው» አሉ። አዛዡ ጋቢውን አስቀምጠው ወጡ። ደስታችንን ዋጥ አድርገን የሚቀጥለውን ድር ማድራት ጀመርን።

ሰኞ አዛዡ ነጋዴውን መለሱልን፤ የራሳቸው ጋቢ እንዲፈጥንላቸው ይሆናል። ነጋዴው ግድግዳውን አዩ፣ እኔን አዩ። የዚያ ሳምንት ተራቸው ፈትል ነበር፤ እንዝርቱን አንሥተው ተቀመጡ።

ከተፈታሁ በኋላ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሳስተዳድር ኖሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። ድርጅቱ እንዴት ጸና ብለው ይጠይቁኛል። በየዓመቱ ሆን ብዬ አንድ ወር ጠፍቼ እከርም ነበር፤ ስመለስ የዘገየ ሥራ ካላገኘሁ ደኅና አስተዳድሬያለሁ ማለት ነው።

አዛዡ ጋቢያቸውን በተራቸው ወሰዱ። የሸመንሁት እኔ ነኝ፤ አሳምሬ ነው የሠራሁላቸው።