ያልደረሰው ስንት ነው?

ልጅ እያለሁ ሂሳብ ማለት ለእኔ ድግስ ማለት ነበር። መደመርና መቀነስን የተማርኩት በሠርግ ዳስ ውስጥ ነው፤ ያውም ከረጢት ላይ በተሳለ ዳስ። ዛሬም ሦስትና ሰባት ሲባል የሚታየኝ ቁጥር ሳይሆን ሰው ነው። ሦስቱ ተቀምጠው ይበላሉ፣ ሰባቱ ደጅ ደጁን እያዩ ይጠብቃሉ፣ መሀል ላይ ደግሞ ላቡን በክንዱ እየጠረገ የሚሯሯጥ አሳላፊ አለ።

ያደግኩት መርሳ ነው። የመርሳን ሙቀት የከሰዓት ፈረቃ የተማረ ሰው ያውቀዋል። የቆርቆሮው ጣራ ይንጣጣል፣ ከመስኖው ዳር የበሰለ ማንጎ ሽታ በመስኮት ይገባል፣ አንድ አግዳሚ ላይ አምስት ሆነን ስለምንቀመጥ የማን ላብ የማን እንደሆነ አይታወቅም። እንቅልፍ የሚወስደው ይወስደዋል። እኔ አልተኛም፤ ጆሮዬም ዓይኔም ውጪ ነው። ወንዶቹ ማንጎ በድንጋይ ሲያወርዱ እሰማለሁ፤ የትኛው ዛፍ ላይ እንደሆኑ ሳይቀር ከድምፁ እለያለሁ።

እኔና ሀዋ ያን ዓመት አዳማጭ ነበርን። አዳማጭ ማለት ዕድሜው ለምዝገባ ያልደረሰ፣ ግን ቤት ውሎ ከሚረብሽ ተብሎ ከታላላቆቹ ጋር የሚላክ ልጅ ነው። ስም ሲጠራ የእኛ አይጠራም፤ ሆኖም ሌሎቹ «አቤት» ሲሉ እኛም ከኋላ «አቤት» እንላለን። ዓመቱ ሲያልቅ ዳይሬክተሩ አዳማጮቹን ራሳቸው ይፈትናሉ። የቻለ ከክፍሉ ጋር ሁለተኛ ይገባል፤ ያልቻለ በሚቀጥለው ዓመት አንደኛን እንደ አዲስ ይጀምራል።

ሀዋ የጎረቤቴ ልጅ ናት። ከአንድ አጥር ወዲህና ወዲያ ነው ያደግነው። የእሷም አባት ስማቸው ይመር ነው፣ የእኔም አባት ስሙ ይመር ነው። እኛ አገር ይመር የሚለው ስም መስጊድም ቤተ ክርስቲያንም ይሄዳል፤ በስሙ የሰውየውን ሃይማኖት ላውቅ ቢሉ አይቻልም። ለመለየት ሲባል የሀዋን አባት ረጅሙ ይመር፣ የእኔን አባት አጭሩ ይመር ይሏቸዋል። ረጅሙ እስላም ናቸው፣ አጭሩ ክርስቲያን። እኛ ስንደግስ ለእስላሞቹ እንግዶች ፍየሉን የሚያርዱት ረጅሙ ይመር ናቸው። እነ ሀዋ ሲደግሱ ደግሞ ለክርስቲያኖቹ የሚያርደው አባቴ ነው። ዳሱ ሁለት፣ ድስቱ ሁለት፣ ድግሱ ግን አንድ ነበር። የሺ ይመርና ሀዋ ይመር ስንባል የማያውቀን ሰው «እህትማማች ናችሁ?» ይለናል፤ እኛም ሳናፍር «አዎ» እንላለን።

ሀዋ ቁጥር ላይ እሳት ነበረች። እኔ ግን አመድ! ቅልብልቦሽ ስንጫወት ጠጠሩን እንደ እኔ የሚቀልብ ሰው አልነበረም፤ ስንት ቀለብሽ ሲሉኝ ነው ጉዱ። የሠፈሩ ልጆች «ስሟ የሺ፣ ቆጠራዋ እስከ አራት» ብለው ይቀልዱብኝ ነበር። ቀልዱ እንኳ አይከፋኝም። እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ሀዋ ሁለተኛ ክፍል ገብታ እኔ አንደኛ ክፍል የመቅረቴ ነገር ነው። ሀዋ በሌለችበት አግዳሚ ላይ ተቀምጬ አላውቅም። ስትጽፍ ክርኗ ጎኔን ይወጋኛል፣ ያ ክርን ከሌለ ትምህርት ቤት ምን እንደሚመስል ማሰቡ ራሱ ያስለቅሰኝ ነበር። ሀዋ «አብሽሪ፣ ታውቂዋለሽ» ትለኛለች። እኔ ግን አላውቀውም።

መምህርታችን ቲቸር ከድጃ ይባላሉ። ከወልድያ የመጡ፣ ቀጠን ያሉ፣ ሲቆጡ እንኳ ሳቃቸው የሚያመልጣቸው ሴት ነበሩ። መጀመሪያ እንደ ሌላው መምህር በቆርኪ ነበር የሚያስተምሩን። አስር ቆርኪ ቁጠሩ፣ አራቱን አንሱ፣ ስንት ቀረ? ቆርኪ ግን ለእኔ ያው ቆርኪ ነው፤ አራቱ ቢነሳ ምን ቸገረኝ? ስድስተኛው ላይ ስደርስ ልቤ ማንጎው ላይ ይወጣና እንደገና ከአንድ እጀምራለሁ።

አንድ ሰኞ ቲቸር ከድጃ የተተረተረ የማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልለው መጡ። ከሰሌዳው ጎን ሲሰቅሉት ክፍሉ ማዳበሪያ ማዳበሪያ ሸተተ። ከረጢቱ ላይ በከሰልና በቀይ አፈር ሁለት ዳስ ተስሏል፤ በየደጃፉ እንፋሎቱ የሚወጣ ድስት ተጥዷል። ከቦርሳቸው ደግሞ ከሳሙና ካርቶን የተቆረጡ አስር ሰዎች አወጡ። ባለ ጥምጣም ቄስ፣ ባለ ጢም ሼህ፣ ልጅ ያዘለች ሴት፣ ከበሮ ያንጠለጠለ ጎረምሳ፣ ጋቢ ለብሶ ዱላ የያዘ አባወራ፣ ሌሎችም። እያንዳንዱ ከረጢቱ ላይ የሚሰካው በግራር እሾህ ነው።

«ዛሬ ሂሳብ የለም» አሉ ቲቸር ከድጃ። «ዛሬ ሠርግ ነው። ሙሽራው የግራና ሰው፣ ሙሽራይቱ የውርጌሳ። አስር እንግዳ ጠርተናል። አንዱ እንኳ ጦሙን ከሄደ ተዋረድን!»

እንግዶቹን አንድ በአንድ ከእጃቸው እያነሱ በየዳሳቸው ይሰኳቸዋል። ቄሱ ከክርስቲያኑ ዳስ፣ ሼሁ ከእስላሙ ዳስ። የተሰካ ደርሶታል፣ ማለትም በልቷል። ከዚያ ወደ እኛ ይዞሩና ልክ እንደ ሠርግ ቤት አሳላፊ ድምፃቸውን ዘለግ አድርገው «ያልደረሰው! ያልደረሰው ስንት ነው?» ይላሉ። አቤት ያኔ የሚነሳው ጩኸት! ቆርኪ ቢጎድል ግድ ያልሰጠኝ ልጅ፣ ሰው ሳይበላ ሊሄድ ነው ሲባል ልቤ ተንጠለጠለ። ሁለት በልተው ስምንት ሲጠብቁ ታዩኝ። አራት በልተው ስድስት ሲጠብቁ ታዩኝ። አምስት በአምስት የሆነ ቀን ደግሞ የበላውም የጠበቀውም እኩል ስለሆነ ለአሳላፊው ይቀለዋል ይሉን ነበር።

ታሪኩ በየቀኑ ሌላ ነው። አንድ ቀን ወንዙ ሞልቶ ሰባቱ እንግዶች ከወዲያ ማዶ ይቀራሉ። አንድ ቀን ወጡ ያርርና አሳላፊው ይደበቃል። የታዘለው ልጅ ይቆጠር አይቆጠር ብለን የተከራከርንበት ቀን አለ፤ ቲቸር ከድጃ «ጥርስ ካላወጣ አይቆጠርም» ብለው ፈረዱ። እኔም ሳላስበው አስርን በልቤ ያዝኳት። ማታ ከአባቴ ጋር ራት ስበላ «ዘጠኝ ከደረሰው ያልደረሰው አንድ ነው» ብዬ ስለፈልፍ አባቴ እጁን ከመሶቡ አንስቶ አየኝ። «ማነው እሱ ምስኪን?» አለኝ።

ጠቡ የመጣው በባለ ጋቢው አባወራ ነው። ጥምጣም የለውም፣ ጢም የለውም፣ በምን ይለያል? ሀዋ «አባቴ ነው» አለች፣ እኔ «አባቴ ነው» አልኩ። ሀዋ ወደ እስላሙ ዳስ፣ እኔ ወደ ክርስቲያኑ ዳስ ስንጎትተው አንገቱ ሊቀነጠስ ደረሰ። ቲቸር ከድጃ አስጥለውን ሲያበቁ አሰቡና «ስሙ ይመር ነው» አሉ። «ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ የየሺ አባት ነው። ማክሰኞና ሐሙስ የሀዋ አባት ነው። በቀኑ ቀን ዳሱ ይገባል፣ አለቀ።» ክፍሉ በሙሉ ይህን ሕግ አድርጎ ያዘው። ማክሰኞ ቀን አንድ ልጅ ተሳስቶ ይመርን ከክርስቲያኑ ዳስ ቢሰካው አርባ ልጅ በአንድ ድምፅ «አልደረሰውም!» ብሎ ይጮህበታል።

የፈተናው ቀን ሐሙስ ዋለ። ዳይሬክተሩ አገራቸው ሩቅ ነው፤ ወደ መርሳ ከመጡም ብዙ አልቆዩም። መምህርቷ ልጆቹን እንዳታግዝ ብለው ቲቸር ከድጃን ወደ ቢሮ ላኳቸውና ከረጢቱ ፊት ወንበር ስበው ተቀመጡ። አዳማጮቹ በር ላይ ተሰልፈን በየተራ እንገባለን። ከእኔ ኋላ ሀዋ ነበረች። ከመግባቴ በፊት ክርኗን ጎኔ ላይ ወጋ አደረገችኝ።

ዳይሬክተሩ ቄሱን ከክርስቲያኑ ዳስ ሰኩ። ሼሁን ከእስላሙ ዳስ ሰኩ። ከበሮ የያዘውን ጎረምሳ ከሼሁ ጎን ሰኩት። ከዚያ ይመርን አነሱና ከክርስቲያኑ ዳስ፣ ከቄሱ አጠገብ ተከሉት።

«እነዚህ አራት ናቸው» አሉ፤ ቲቸር ከድጃ እንደነገሯቸው መሆን አለበት፣ ቀጥለው «ያልደረሰው ስንት ነው?» አሉኝ።

እጃቸው ላይ የቀሩት ስድስት እንደሆኑ አይቻለሁ። ግን ቀኑ ሐሙስ ነው! በሐሙስ ረጅሙ ይመር ከቄሱ አጠገብ ምን ሊበሉ ይቀመጣሉ? እዚያ ዳስ ውስጥ እሳቸው የሚነኩት ሥጋ የለም። ተቀመጡ እንጂ አልበሉም።

«ሰባት» አልኩ።

«ደህና አድርገሽ ቁጠሪ።»

ቆጠርኩ። «ሰባት ነው። ረጅሙ ይመር አልደረሳቸውም።»

«የምን ይመር?» አሉ፤ ግንባራቸው ተኮማተረ። ሀዋ ትሄዳለች፣ እኔ እቀራለሁ የሚለው ብቻ ታየኝ። እንባዬ መውረድ ሲጀምር «በቃ፣ ደግመሽ ትማሪያለሽ፣ አታልቅሺ» አሉኝ። ሰውየው ክፉ አልነበሩም፤ ከመርሐ ግብራቸው ውስጥ ይመር አልነበረም እንጂ።

ሀዋ ገባች። ዳይሬክተሩ ደክሟቸው ነው መሰል እንግዶቹን እንኳ አላነሷቸውም። «ያልደረሰው ስንት ነው?» አሏት። አስርን እንደ ስሟ የምታውቀው ሀዋ፣ በር ላይ ቆማ ሁሉንም የሰማችው ሀዋ፣ አንዴ ከረጢቱን፣ አንዴ እኔን አየችና «ሰባት» አለች። ዳይሬክተሩ ከወንበራቸው ብድግ ብለው ሁለታችንን አፈራርቀው አዩን። «እህትማማች ናችሁ?» ቢሉ ሀዋ «አዎ» አለቻቸው። ሁለታችንም ወደቅን።

ቲቸር ከድጃ ነገሩን ሲሰሙ እስኪያለቅሱ ሳቁ፣ ከዚያ ሳቃቸው ጠፋና ሊያስረዱ ወደ ዳይሬክተሩ ቢሮ ሄዱ። የተወሰነው ግን ተወስኗል፤ «ሕፃናት ናቸው፣ ምን አስቸኮላቸው?» ተባሉ። ማታ ወሬው አጥር ለአጥር ተዳረሰ። ረጅሙ ይመር «ልጄ እውነቷን ነው! እኔ መች በላሁና ነው በላ የሚሉኝ?» ብለው ሠፈሩን አሳቁት። አባቴ ደግሞ ራሴን እየደባበሰ «አይዞሽ፣ ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» አለኝ። በሚቀጥለው መስከረም ስማችን መዝገብ ገባ። ሀዋና እኔ እዚያው አግዳሚ ላይ፣ እዚያው መስኮት ሥር ተቀመጥን፣ ክርኗም ጎኔን እንደ ድሮው ወጋኝ። ወድቄ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ሁለታችንም ልጆች ከወለድን በኋላ አንድ ቀን ቤቷ ተቀምጠን «ሀዋ፣ የእውነት ስድስት መባል እንዳለበት ሳታውቂ ቀርተሽ ነው?» አልኳት። ሀዋ የምታጥፈውን ልብስ ጭኗ ላይ ጣል አድርጋ ሳቀች። «አጣዋለሁ እንዴ! ሰውየው ስድስት እንዲባሉ እንደፈለጉማ ዓይናቸው ይናገር ነበር። ስድስት ብዬስ? ሁለተኛ ክፍል ገብቼ ከማን ጋር ልቀመጥ?» አለችኝ። ስታወራው እንደ ተራ ነገር ነው። እኔ ግን ያን ቀን ወደ ቤቴ ስመለስ ሚኒባስ ውስጥ አለቀስኩ።

አሁን የምኖረው ወልድያ ነው። ትንሿ ልጄ ሂሳብ የምትማረው በስልክ ነው። አስር ፖም ይመጣል፣ ሦስቱ ይጠፋል፣ ስንት ቀረ ይላል፤ ሰባትን ስትነካ ስልኩ ያጨበጭብላታል። አልወቅሰውም፤ እኔ በእሷ ዕድሜ ከማውቀው አስር እጥፍ ታውቃለች፣ አትሳሳትም፣ አታለቅስም። አንድ ቀን «ፖሞቹ የማን ናቸው?» ብላት «የማንም አይደሉም እማዬ፣ ቁጥር ናቸው» አለችኝ። እውነቷን ነው። አጠገቧ ግን በክርኗ የምትወጋት ልጅ የለችም፤ እሷም የለችም ብላ አልቅሳ አታውቅም። እኔ ነኝ አንዳንዴ ለእሷ ሆድ የሚብሰኝ።

ደግሞስ በምን አፌ ስለ ልጄ እናገራለሁ? ሀዋ እዚያው መርሳ ናት፣ መንገድ ዳር የልብስ ሱቅ አላት። ከወልድያ መርሳ ሩቅ ሆኖ አይደለም፤ ሚኒባሱ ሞልቶ ከተነሳ ወሬ ሳያልቅ ይደረሳል። ሥራ አለ፣ ለቅሶ አለ፣ የልጅ ፈተና አለ፣ ሳምንቱ እንደ ጨው ይሟሟል። ሀዋ ገና ጥርሷን ሳትቀይር ለእኔ ስትል አንድ ዓመት ሙሉ ሰጥታኛለች፣ እኔ ለእሷ የምሰጣት አንድ ቀን አጣሁ። ባለፈው ሳምንት ደወልኩላት። ልጆቹን ጠየቅኳት፣ ሱቁን ጠየቅኳት፣ «አልሃምዱሊላህ፣ ሁሉ ደህና ነው» አለችኝ። ልንሰነባበት ስንል እንደ ልማዴ «ቅዳሜ እመጣለሁ» አልኳት።

ሀዋ «የትኛው ቅዳሜ፣ የሺዬ?» አለችኝ።