ቀይ ክር የታሰረበት ኩባያ

«እትዬ ዘነበች፣ እርስዎ እንኳ ክትባቱ አያስፈልግዎትም» አለኝ የላቦራቶሪው ልጅ ፈገግ ብሎ።

ቤቴል ባለ አንድ ክሊኒክ አንሶላ፣ መጋረጃና ጋዋን እሰፋለሁ። ባለቤቶቹ በቅርቡ፣ ከሕመምተኛ ልብስ ጋር የሚነካካ ሠራተኛ ሁሉ የጉበት ቫይረስ ክትባት ይውሰድ አሉና መጀመሪያ ደማችን ተመረመረ።

«ለምን? ምን ተገኘብኝ?» አልኩት።

«ምንም! በሽታው የለብዎትም። ምናልባት ልጅ ሳሉ ይዞዎት አልፏል፤ ሰውነትዎ ራሱ አሸንፎታል። ፀረ እንግዳ አካል አለዎት። እድለኛ ነዎት እኮ!»

እድለኛ! ወይ ጉድ! ምን ይፈረድበታል፣ እኔ ፀረ እንግዳ አካል በሚለው በዚሁ ቃል ስቃጠል እሱ ገና አልተወለደም። ቃሉን ከእሱ በፊት በሦስት ቋንቋ እንደማውቀው አልነገርኩትም። በእንግሊዝኛ አንቲቦዲ፣ በኮሪያኛ ሃንግቼ። አመስግኜው ወጣሁና ስፌት ክፍሌ ገብቼ ቁጭ አልኩ። ማልቀስ አሰኝቶኝ ነበር፤ የወጣኝ ግን ሳቅ ነው፣ ያውም መራራ ሳቅ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኼ አይደል?

ያኔ ሃያ ዓመት አልሞላኝም። ከኮልፌ 18 ማዞሪያ ገባ ብሎ ኮሪያውያን የከፈቷት አንዲት ትንሽ የበጎ አድራጎት ክሊኒክ ነበረች፤ ዛሬ ቦታዋ ላይ ፎቅ ቆሟል። ነርሷ ሲስተር ሃን ትባላለች። አጠር ያለች፣ ፈጣን፣ አማርኛዋን እየሰባበረች የማታፍርበት ሴት ነበረች። በፊቷ አንቱ እላት ነበር፤ በልቤ አንቺ ማለት ከጀመርኩ ግን ቆይቻለሁ።

ሲስተር ሃን ለሰፈሩ ሴት ልጆች ትምህርት ከፈተች። በድርጅቱ ወጪ ኮሪያ ሄዳ የረዳት ነርስነት ሙያ የምትማር አንዲት ልጅ ትመረጣለች ተባለ። አንዲት ብቻ! ግማሹ የኮልፌ ልጃገረድ ተመዘገበ፤ ክረምቱ ገብቶ ጭቃው ሲበረታ ግን አብዛኛው ቀረና ጥቂቶች ተረፍን። ከተረፍነው አንዷ ጫልቱ ናት፣ የጎረቤታችን ልጅ፣ የልብ ጓደኛዬ። አባቷ ታክሲ ይነዱ ነበር፤ እሷም የታክሲ ረዳት ምላስ ነበራት።

የምንማረው ከሰዓት በኋላ፣ ሕመምተኛ ሲያልቅ፣ ተራ መጠበቂያው አግዳሚ ላይ ተቀምጠን ነው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ሲስተር ሃን እየጮኸች ታስተምራለች። ነፋሱ ከቆሼ በኩል የመጣ እንደሆነ መስኮቱን እንዘጋና በአልኮልና በእርጥብ ጫማ ሽታ እንታፈናለን። ግድግዳው ላይ ራቁቱን የቆመ፣ ሰውነቱ በመስመር የተከፋፈለ ሰውዬ ሥዕል ተሰቅሏል። በዱላ እየነካች ትጠይቀናለች፣ እኛ በእንግሊዝኛም በኮሪያኛም እንመልሳለን።

አንዱ ገላ ስንት ስም አለው እናንተ! ሕመምተኛ የሚለው ሌላ፣ ሐኪሞች እርስ በርስ የሚነጋገሩበት ሌላ። ደረትን የኮሪያ ሕመምተኛ ካሱም ይለዋል፣ ሐኪሙ ግን ህዩንግቡ። እንግሊዝኛውም ያው ነው፤ ቼስት አለ፣ ቶራክስ አለ። ሆድ ቦክቡ፣ ወገብ ዮቡ። «ቡ» ማለት አካባቢ፣ ክፍል ማለት እንደሆነ አስረዳችን። ጫልቱ ይሄን ሰምታ ዝም የምትል ልጅ አይደለችም፤ ሥዕሉን «ጋሽ ቡ» ብላ አጠመቀችው። ከዚያ ወዲያ ዱላው ሥዕሉ ላይ ባረፈ ቁጥር ሳቃችንን መያዝ አቃተን። እሷ በኦሮምኛም ትጨምርበታለች። «ህዩንግቡ፣ ቶራክስ፣ ደረት፣ ለጴ! ጋሽ ቡ በአራት ቋንቋ ሳል ያዛቸው!» ትላለች።

አንዳንድ ቀን ሲስተር ሃን ጥቅል ጎመን በበርበሬና በነጭ ሽንኩርት አሽታ፣ ለቀናት አፍና ያቆየችውን ምግብ ታቀምሰናለች። «ዘኑ፣ ይሄ ጎመን እኮ ሞቷል» ትለኛለች ጫልቱ በጆሮዬ፣ «ይቀበር እንጂ አይበላም።» እኔ ግን ለመድኩት። ኮሪያ ስሄድ የምበላው ይሄን አይደል ብዬ እያላበኝ እውጠው ነበር። እንደዚያ ነበር የፈለግሁት። ስተኛ በኮሪያኛ፣ ስነሳ በኮሪያኛ ነበር የማስበው።

ስለ ፀረ እንግዳ አካል የተማርንበትን ቀን እስከ ዛሬ አልረሳውም። ሲስተር ሃን ሰሌዳው ላይ ቤት ሳለች። ሌባ ሲገባ ቤቱ ዘበኛ ያቆማል፤ ዘበኛው ሌባውን ያባርራል፣ መልኩንም አይረሳም፣ ድጋሚ ቢመጣ በር ላይ አንቆ ይይዘዋል። «ሃንግ መቃወም፣ ቼ አካል» አለች። እኔ እጄን አነሳሁ።

«ሲስተር፣ ዘበኛ የቆመበት ቤት ሌባ አለበት ማለት ነው?»

«አይደለም!» አለች ዱላዋን ሰሌዳው ላይ መትታ። «ሌባ ነበረ። ሄደ። ዘበኛ ጥሩ!»

ልብ በሉልኝ፣ ይሄን በአፏ የነገረችኝ እሷው ናት።

የክረምቱ ማብቂያ ላይ ተፈተንን። አንደኛ ወጣሁ፤ ጫልቱ ሁለተኛ። እናቴ የዚያን ቀን የሆነችው አሁንም ዓይኔ ላይ አለ። ከጎጃም በልጅነቷ መጥታ፣ ባሏን በጊዜ ቀብራ፣ በሰው ቤት ልብስ አጥባ ያሳደገችኝ ሴት ናት። ነጠላዋን አደግድጋ ለዕድርተኛው ሁሉ ቤት ለቤት ተናገረች። «ልጄ ሐኪም ልትሆን ባሕር ማዶ ልትሄድ ነው!» ረዳት ነርስ ነው ብላት ማን ሰምቶኝ። ከማዞሪያው የእሸት በቆሎ ጥብስ ገዝታ አመጣችና የኔን ፈልፍላ በእጇ አጎረሰችኝ።

የቀረው የደም ምርመራ ነበር። ከተማ መሃል ባለ ሌላ ቦታ ተመርምረን፣ ውጤቱን ሊነግረን የድርጅቱ አስተባባሪ ክሊኒኳ ድረስ መጣ። ሰውዬው ያገራችን ሰው ነው፣ ክራባት አሳሪ። እማዬ አጠገቤ ተቀምጣለች፤ አግዳሚው በሰፈር ሰው ሞልቷል። ወደ ክፍል እንኳ አላስገባኝም።

«ዘነበች ማነሽ? ጉበትሽ ላይ ቫይረስ ተገኝቷል። ፖዘቲቭ ነሽ። መሄድ አትችይም።»

ወረቀቱን ከእጁ ተቀበልኩት። አነበብኩት፤ አንቲቦዲ ይላል። ገና ልጅ ሳለሁ ዓይኔ እንደ እርድ ቢጫ ሆኖ፣ የወፍ በሽታ ነው ተብሎ፣ እማዬ ባለመድኃኒት ቤት ይዛኝ እንደሄደች ትዝ አለኝ። ሌባው ያኔ ገብቶ ያኔ ሄዷል!

«ጋሼ፣ ይሄ ቫይረስ አይደለም። አንቲቦዲ ነው የሚለው። በሽታው ሲያልፍ የሚቀር ነው።»

«አንቺ ሐኪም ነሽ?»

«አይደለሁም። ግን ተምሬዋለሁ።»

«ፖዘቲቭ፣ ፖዘቲቭ ነው እህቴ። ቀጣይ!»

እማዬ ነጠላዋን ወደ አፏ ስትስብ አየሁ። አጠገቧ የነበሩት ሴትዮ ደግሞ አግዳሚው ላይ ቀስ ብለው ሸሸት አሉ። በዚያ ዘመን ፖዘቲቭ የተባለ ሰው ምን እንደሚጠብቀው ለሚያውቅ አይነገርም።

ሲስተር ሃን ከጓሮ የቁስል ማሰሪያ ጎዝ እያሰጣች ነበር። ወረቀቱን ሰጠኋት። አነበበች፤ «ሃንግቼ» አለች ለራሷ፣ ፊቷም በራ። ወዲያው ግን ጠፋ።

«ዘነበች ጤነኛ። እኔ አውቃለሁ» አለችኝ።

«ታዲያ ይንገሯቸዋ!»

«ወረቀት ኮሪያ ሄደ። እዚያ ሰዎች ፖዘቲቭ አዩ፣ ፈሩ። እኔ ብዙ ከተጨቃጨቅሁ ሌላ ዓመት ቦታ የለም። ለሁሉም ልጆች በር ይዘጋል።»

«ስለዚህ?»

«ጫልቱ ትሄዳለች።»

ቢሆንም ያን ጊዜ እንኳ ኮሪያን አልለመንኳትም። የለመንኳት ሌላ ነገር ነው። «እሺ፣ ይቅር። ግን ቤታችን መጥተው ለእናቴ ይንገሩልኝ። ልጅሽ ጤነኛ ናት ይበሉልኝ። ከእኔ አትሰማም፣ ከእርስዎ ትሰማለች። ሲስተር፣ ይሄን ብቻ!»

«እሺ። ነገ» አለችኝ እጄን ይዛ።

ነገ አልመጣችም። ከነገ ወዲያም አልመጣችም። መስቀል ሳይደርስ ለዕረፍት አገሯ ገባች አሉን፤ በቦታዋ ሌላ ነርስ መጣች። ቦታውን ለሌላ መስጠቷን፣ ይሁን፣ ለሌሎቹ ልጆች ብላ ነው እላለሁ። ከክሊኒኳ እስከ ቤታችን ያለችውን ያቺን አጭር መንገድ ግን ለምን እንዳልተራመደች እስካሁን አልገባኝም። ይቅር አላልኳትም፤ አልዋሽም።

እማዬ ወዲያው የቤቱን ዕቃ ለየች። ጠርዙ ሰማያዊ የሆነ ነጭ የብረት ኩባያ ነበረን፤ እጀታው ላይ ቀይ ክር አሰረችበትና የኔ ብቻ ሆነ። ሳህኔም ለብቻው።

«እማዬ፣ በሽተኛ አይደለሁም አልኩሽ እኮ!»

«ላንቺው ብዬ ነው ልጄ። እንዳይደባለቅብሽ።»

ክፉ ሴት ብትሆን እንዴት ደስ ባለኝ! ክፉ አይደለችማ። ለእኔ ብላ ጾመች፣ ተሳለች፣ ጉበትን ያድሳል የተባለ ማር ከየት ከየት ለምና አመጣች። ማሩን ግን የምታበላኝ በተለየው ማንኪያ ነበር። እንግዳ ሲመጣ ያቺ ቀይ ክር ከመደርደሪያው ላይ ሆና ከእኔ ቀድማ ትናገራለች። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ሰፈሩ ምን እንዳለኝ ሁሉንም አልሰማሁም። ሽማግሌ ሊልኩ ነው የተባሉ ሰዎች ግን በዚያው መንገዱ ጠፋባቸው።

ጫልቱ ልትሄድ ሰሞን ልትሰናበተን መጣች። ቤት ገባች፣ ክሩን አየች፣ እኔን አየች። አንድ ቃል ሳትናገር ኩባያዬን አነሳችና ከእንስራው ውሃ ቀድታ ግጥም አድርጋ ጠጣችበት።

«አንቺ ልጅ! ምን ነካሽ? እናትሽ ምን ትለኛለች!» ብላ ጮኸች እማዬ።

«እትዬ፣ ሃንግቼ ነው» አለቻት ጫልቱ እያለቀሰች። «ጋሽ ቡ ይሙቱ፣ ሃንግቼ ነው!»

በሕይወቴ እንደዚያ ስቄም አልቅሼም አላውቅም። እማዬ ሁለታችንንም ያበድን አድርጋ አየችን፤ ጫልቱ ስትወጣም ኩባያውን በፈላ ውሃ አጠበችው። ጫልቱ ለጥቂት ጊዜ ጻፈችልኝ፣ ኋላ እዚያው አገባች፣ ደብዳቤውም ቀረ። እሷን አልቀየምኩም። ቅናቱ ግን ነበረኝ፤ እሱንም አልክድም።

እኔ ልብስ ስፌት ተማርኩ። ሰው ስለካ ሜትሩ ደረት ላይ ሲዞር ህዩንግቡ፣ ወገብ ላይ ሲወርድ ዮቡ ይላል ውስጤ፤ የተማርኩት ሁሉ የጠቀመኝ ለዚህ ነው። ለምን ሌላ ቦታ ሄደሽ አልተመረመርሽም የሚለኝ ይኖራል። ፈራሁ። እውነቱን ብቻዬን ተሸክሜ ስኖር፣ ያ ሁሉ ሰው ሲሸሸኝ፣ ቀስ በቀስ እኔም ራሴን መጠርጠር ጀመርኩ። ሰው ቤት ውሃ ሲሰጡኝ አልጠማኝም ማለት ለመድኩ። የኩባያው ክር ሲያረጅ ደግሞ እማዬ ከኔው የስፌት ክር እየቆረጠች ታድሰው ነበር። ዓይኗን ሞራ ከጋረደው ወዲህ ነው ተበጥሶ የወደቀው።

የላቦራቶሪው ልጅ እድለኛ ነዎት ያለኝ ቀን፣ ከክሊኒኩ እንደወጣሁ ታክሲ ይዤ ቀጥታ ቤት ገባሁ። እማዬ በረንዳው ላይ ፀሐይ እየሞቀች ነበር። እግሯ ሥር ቁጭ አልኩ።

«እማዬ፣ ተመረመርኩ። በሽታ የለብኝም። ፖዘቲቭ ነሽ ሲሉኝም አልነበረብኝም።»

«እሰይ! እሰይ ልጄ!» አለች ሁለት እጇን ወደ ሰማይ ዘርግታ። «ስለቴ ሰመረ! ዳንሽልኝ!»

«አልዳንኩም እማዬ። ያኔም አልታመምኩም ነው የምልሽ።»

«እሱማ፣ እሱማ። ዋናው መዳንሽ ነው።»

ደግሜ ላስረዳት አፌን ከፈትኩና ተውኩት። ይህን ያህል ዓመት በጸሎት የለፋችበትን ፈውስ አንድ የላቦራቶሪ ልጅ አልነበረም ቢላት እንዴት ትቀበል? ይህን ቀን እሷን የምረታበት ቀን አድርጌ ስጠብቀው ኖሬያለሁ። መርታት እንደዚህ ነው እንዴ? ሰውነቴ በሽታውን ተዋግቶ አሸንፏል፣ ይሁን፤ ከአግዳሚው ላይ ሸሸት ያሉትን ሴትዮ የሚመልስ ሃንግቼ ግን የለም።

«ውሃ ጠማኝ» አለችኝ።

ገብቼ ያን ጠርዙ ሰማያዊ የሆነ አሮጌ ኩባያ አነሳሁና ሞልቼ ሰጠኋት። ወደ አፏ አልወሰደችውም። ጣቶቿ እጀታውን ከላይ እስከ ታች ቀስ ብለው ዳሰሱት፣ እንደገናም ዳሰሱት።

«ያንቺ አይደለም አይደል?» አለችኝ።

«አይደለም እማዬ» አልኳት። «ያንቺ ነው።»

«ተባረኪ» አለችና ግጥም አድርጋ ጠጣች።