ኤይለርት፣ ትራክተሮቹና የነሐሴው ነፋስ

እህቴ ጌስኬ ኤይለርት ፍሬሪክስን ላገባ ነው ያለች ቀን አባቴ የሻይ ሲኒውን አስቀመጠና፣ "ልጁ ላይ እንኳ ምንም የለኝም። ቤቱ ነው አረንጓዴ የሆነብኝ" አለ።

እኛ ቀይ ነበርን። በእኛ በኩል በአዮዋ ሰው የሚለየው በሚጸልይበት ቤተ ክርስቲያንና በሚያርስበት ትራክተር ቀለም ነው። በጸሎቱ አንድ ነን፤ የሁለታችንም አያቶች ከባሕር ማዶ ከፍሪስላንድ የመጡ ሉተራኖች ናቸው። በትራክተሩ ግን ቀይ ያለው ሰው አረንጓዴ ያለውን በሰርግም በለቅሶም ሳይነካካው አያልፍም።

"አባዬ፣ እኔ የማገባው እኮ ሰውየውን ነው፤ ትራክተሩን አይደለም" አለች ጌስኬ።

"እሺ፣ ታዪዋለሽ" አላት።

አባቴ አልተሳሳተም። ኤይለርት ከአባቱ የወረሰው ባለ ሁለት ሲሊንደር አረንጓዴ ትራክተር ነበረው፤ እሱን እንደ ሕፃን ነበር የሚይዘው። ኋላ አዳዲሶቹ መጥተው ሰው ሁሉ አሮጌውን ለቁርጥራጭ ብረት ሲያስረክብ፣ እሱ ከየሰው አጥር ጥግ የተጣለውን፣ በመሀሉ ዛፍ የበቀለበትን ሳይቀር እየጎተተ ያመጣ ጀመር። በበረዶው ወራት መጋዘኑ ውስጥ ምድጃ አንድዶ ይፈታታል፣ ያጥባል፣ ይገጥማል፣ ይቀባል። ጌስኬ ከበሩ ላይ ሆና፣ "ኤይለርት፣ ሾርባው ቀዘቀዘ!" ትላለች። "መጣሁ!" ይላል። መጣሁ ማለት ገና ነኝ ማለት እንደሆነ እህቴ ቶሎ ገባት፤ ሾርባውን ተሸክማ መጋዘን መሄድ ለመደች።

ክፉ ሰው ግን አልነበረም። በዝምታው ውስጥ ቀልድ ነበረችው። ከተጋቡ ብዙ ዘመን ካለፈ በኋላ በአንድ የጋብቻቸው መታሰቢያ ቀን ሸራ የለበሰ ነገር ከመጋዘን አወጣ። ሸራውን ሲገፍፈው ቀይ ትራክተር! አባቴ ያርስበት የነበረው ዓይነት፣ እንደ ቲማቲም የሚያበራ። ጌስኬ አፏን ይዛ ቆመች። "ለአባትሽ ዕዳዬን ከፈልኩ" አላት። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ በነሐሴ ከተማው ውስጥ በሚደረገው የአሮጌ ትራክተሮች ሰልፍ እሱ በአረንጓዴው ፊት ፊት፣ እሷ በቀዩ ከኋላው ይሄዱ ነበር። ሰልፉ ሲያልቅ ኤይለርት ትራክተሩን በረጅም ቺንጋ ከአንድ አሮጌ ጄኔሬተር ጋር ያገናኝና አምፖሎች ያበራል። "ለቁርስ ዳቦ መጥበስ ይችላል?" እያሉ ሰዎች ይቀልዱበታል።

እሁድ እሁድ ከኋላ ሦስተኛው አግዳሚ ላይ ነበሩ፣ እሱ በጠርዙ፣ እሷ ከእሱ ቀጥላ። ወንድ ልጃቸው በተወለደ በሳምንቱ ሞቶ እዚያው ቤተ ክርስቲያኑ ጓሮ ተቀብሯል። ሴቷ ልጃቸው ሎርና ተምራ ዋና ከተማ ገብታ አስተማሪ ሆናለች። ኤይለርት ዘር ሊዘራ ሲል ማሳው ጫፍ ላይ ኮፍያውን አውልቆ ይቆማል። ምን ብሎ እንደሚጸልይ አንድ ቀን ጠየቅሁት። "ዝናብ ስጠን፣ አይበዛ" አለኝ፤ "ሌላ ምን እላለሁ?"

ካረጁ በኋላ የጌስኬ ሳንባ መድረቅ ጀመረ። ሐኪሞቹ መድኃኒት የለውም አሉ። ሳሎኑ ጥግ በኤሌክትሪክ የሚሠራ የኦክስጅን መሣሪያ ተተከለ፤ ከአፍንጫዋ የተነሣው ረጅም ቱቦ እስከ ማድ ቤት ይደርሳል። "እንደ ላም ታሰርኩልህ፣ ኦኮ" ትለኝ ነበር እየሳቀች። ኤይለርት ደግሞ መሣሪያውን እንደ ሞተር ጆሮውን ጥሎ ያዳምጠዋል፤ "ድምፁ ደህና ነው" ይላል። መብራት ለሚጠፋበት ክፉ ቀን ሁለት ትንንሽ የኦክስጅን ሲሊንደሮች ነበሯት፣ አንዱ መኝታ ቤት፣ አንዱ መኪናው ውስጥ።

ነፋሱ የመጣው በነሐሴ፣ አንድ ሰኞ ቀን፣ ምሳ ሰዓት ላይ ነው። በስተምዕራብ ሰማዩ እንደ ተቀጠቀጠ ሥጋ ጠቁሮና ወይቦ ነበር። ነፋስ አውቃለሁ ስል ኖሬ ያን ቀን አፈርኩ። ከቤቱ ሥር ያለው ምድር ቤት ገብቼ ከላዬ ጣራው ሲነቀል፣ መስኮቱ ሲፈነዳ ሰማሁ፤ አላቆምም አለ። ሲያበቃ ወጥቼ ሳይ ቁመቴን የሚበልጠው በቆሎ እስከ አድማስ ድረስ መሬት ላይ ተነጥፏል። የመብራት ምሰሶዎቹ እንደ ክብሪት እንጨት ተሰባብረዋል። ስልክ የለም። መንገዱ በዛፍ ተዘግቷል።

ያን ጊዜ ያሰብኩት የጌስኬን መሣሪያ ነው። በእግሬ በተነጠፈው በቆሎ ላይ እየወደቅሁ እየተነሣሁ ሄድኩ።

ቤታቸው ቆሟል። ጌስኬ ሶፋው ላይ ተደግፋለች፤ የመኝታ ቤቱ ሲሊንደር እግሯ ሥር ነው። ምድር ቤት ልትወርድ ስላልቻለች ኤይለርት ነፋሱ እስኪያልፍ ላይዋ ላይ ተደፍቶ ነበር፤ ጀርባው ላይ የመስታወት ስባሪ አለ፣ አላወቀውም።

"ሌላኛውስ ሲሊንደር?" አልኩት።

በመስኮቱ አሳየኝ። ትልቁ ዛፍ መኪናውን ጨፍልቆታል።

"ጄኔሬተሩ" አለኝ። "ና፣ አግዘኝ።"

የመጋዘኑ ጣራ ትራክተሮቹ ላይ ተንዷል። ቀዩ ሳይታይ ከሥር ቀርቷል። የአባቱ አረንጓዴ በበሩ በኩል ስለነበረ ግማሹ ወጥቷል። ቆርቆሮውን እየገለበጥን፣ ወራጁን በመጋዝ እየቆረጥን አስለቀቅነው። እንዲህ ያለው ትራክተር የሚነሣው በጎኑ ያለውን ትልቅ መዘውር በእጅ በማሽከርከር ነው። ኤይለርት ሰማንያውን አልፏል። ያዘው፣ አሽከረከረው፣ መለሰው። ደግሞ አሽከረከረው። እኔ ልሞክር ስል በክንዱ ገፋኝ። "አንተ ቀይ ነህ፤ አይሰማህም" አለኝ። እንዲያ ባለ ቀን እንኳ። ደጋግሞ ሲሞክር ቆይቶ ሞተሩ አስነጠሰ፣ ተነሣ፣ ድም ድም ማለት ጀመረ። ኤይለርት እንደ ሕፃን አለቀሰ።

ቺንጋውን አጠለቅን፤ ገመዱን በመስኮት አስገባን፤ መሣሪያው ላይ አረንጓዴ መብራት በራ። ጌስኬ እጇን አነሣችልኝ።

ደስታችን ግን አልቆየም። የቺንጋው አንድ ጠርዝ በወደቀው እንጨት ተቀዶ ስለነበር ይንሸራተታል፤ ጄኔሬተሩ አንዴ ይፈጥናል፣ አንዴ ይዝላል። ለአምፖል ግድ የለውም፤ ብልጭ ድርግም ይላል እንጂ ያበራል። ያ መሣሪያ ግን ስስ ነገር ነው። ጮኸ። ቀይ መብራት አበራ። ከውስጡ የተቃጠለ ሽታ ወጣና ዝም አለ። ኤይለርት ነቅሎ ሰካው፣ መታው፣ ክዳኑን ፈታው። ውስጡ ጥፍር የምታህል የኤሌክትሪክ ሰሌዳ ላይ የተቃጠለ ጥቁር ነገር አየን። ሞተሩ ውጭ እንደ በሬ ጤነኛ ሆኖ ይጮኻል።

"ዛፎቹን እየጎተትኩ መንገዱን እከፍታለሁ" አለና ሰንሰለት ይዞ ወጣ። ቺንጋውን አውልቆ ትራክተሩን ነድቶ መጀመሪያውን ግንድ ጎተተ፤ ሁለተኛውንም። እኔ ከጌስኬ ጋር ቀረሁ። ከንፈሯ ሰማያዊ እየሆነ ነበር፤ ሲሊንደሩም ወደ ማለቁ ነው። በመስኮቱ ሳይ ከአጥሩ እስከ ዋናው መንገድ ድረስ ዛፍ በዛፍ ላይ ተደርቧል፤ ለዚያ ሁሉ አንድ ሽማግሌና አንድ አሮጌ ትራክተር።

"ኦኮ" አለችኝ፣ በየቃሉ እያረፈች፤ "በለው... ያንን ነገር... አጥፍቶ ይምጣ።"

ሮጬ ነገርኩት። ከወንበሩ ላይ ሆኖ ቁልቁል አየኝ። "ካጠፋሁት መልሼ ላነሣው አልችልም" አለ።

"እሷ ናት ያለችው።"

መንገዱ ላይ የቀሩትን ዛፎች አየ። ከዚያ አጠፋውና ወረደ።

ገብቶ አጠገቧ ተቀመጠ። ጭቃና ዘይት የነካ እጁን ልብሱ ላይ ሊጠርግ ሲል እሷ ቀድማ ያዘችው። "ሁልጊዜ... መጣሁ ትላለህ" አለችው።

"መጥቻለሁ" አላት።

እናታችን ማዕድ ላይ የምትለውን አጭሩን ጸሎት በአያቶቻችን ቋንቋ ጀመርኩ፤ ሌላ አልመጣልኝም። ኤይለርት አብሮኝ ሲል ቆይቶ መሀል ላይ ተወው፤ እኔ ጨረስኩት። ጌስኬ ከቀትር በኋላ፣ ፀሐይ ምንም እንዳልተፈጠረ በተሰበረው መስኮት ስትገባ፣ ትንፋሿ እየራቀ እየራቀ ሄዶ ቀረ። አምቡላንስ የደረሰው ሊመሽ ሲል ነው።

የቀበርናት መብራት ሳይመለስ፣ ኦርጋኑ ዝም ብሎ፣ ጉልላቱ በወደቀ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው። ፓስተር ሊንደማን ወጣት ሰው ነው፤ መቃብሩ ዳር የኤይለርትን ትከሻ ይዞ፣ "ምን እንደምልህ አላውቅም" አለው።

"እንግዲያ አትበል" አለው ኤይለርት፤ በቁጣ አልነበረም።

ጎረቤት ተሰብስቦ ጣራውን አነሣለት፤ ትራክተሮቹን አንድ በአንድ አወጣ። እሱ በረንዳ ላይ ተቀምጦ ያይ ነበር። የቀዩ መሪ ተጣሟል፣ ኮፈኑ ተጨፍልቋል። "ይስተካከላል" አልኩት። "ይስተካከላል" አለኝ፤ ግን መጋዘኑ ውስጥ ዳግመኛ መፍቻ ሲያነሣ አላየሁትም። ሎርና፣ "አባዬ፣ እኔ ጋ ና" ብላ ለመነችው፤ አልሄድም አለ።

እሁድ እሁድ እየመጣሁ እወስደው ነበር። አግዳሚው ላይ የእሷን ቦታ ባዶ ትቶ ይቀመጣል። መዝሙሩን አይዘምርም፣ መጽሐፉን ግን ገልጦ ይይዛል። ስንመለስ መኪናው ውስጥ ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ነበረው።

"ቺንጋው ባይቀደድ ኖሮ፣ ኦኮ?"

አንዳንዴ "አዎ፣ ትተርፍ ነበር" እለዋለሁ፤ ያን ቀን ምሳውን አይበላም። አንዳንዴ "አይ፣ ሳንባዋ አልቆ ነበር" እለዋለሁ፤ ያን ቀንም አይበላም።

በሦስተኛው ዓመት፣ በሚያዝያ መጀመሪያ፣ እንቅልፍ ላይ እንዳለ አረፈ። ያን ሰሞን ዝናቡ በዝቶ ማሳው ሁሉ ጭቃ ነበር፤ ማንም ሊያርስ አልቻለም። ስለዚህ ለቀብሩ ሰው ሁሉ ቤተ ክርስቲያን መጣ፣ ቀዩም አረንጓዴውም፤ መቀመጫ አጥተው ብዙዎቹ ከነጭቃ ቦት ጫማቸው ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ።