የበረሃ ነጂዎችና የአባቴ አውድማ

የመኪና ጎማ አሸዋ ውስጥ ሲቀበር እልል የሚሉ ወንዶችን አልወድም። አልወድም ያልኩት ለወጉ ነው፤ እጠላቸዋለሁ። ከአንዳቸው ጋር ስድስት ዓመት በትዳር ኖሬያለሁ፤ የቀሩትንም በየበዓሉና በየእረፍቱ ተሸክሜያቸዋለሁ። የሌሎቹ ሚስቶች ብልሆች ስለነበሩ ቤታቸው ይቀሩ ነበር። ሞኟ እኔ ነኝ፣ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጬ አቧራ ስቅም የከረምኩት።

አራት ናቸው፤ እያንዳንዳቸው ባለ ፎር ዊል መኪናና የመገናኛ ሬዲዮ አላቸው። ከሩቅ ለሚያያቸው አንድ ዓይነት ይመስላሉ። ሁሉም ኪሱ የበዛ ሱሪ ይለብሳል፣ ሁሉም ፂሙን ለጉዞ ብሎ ያሳድጋል፣ ሁሉም በረሃውን እሱ ያገኘው ይመስል ያወራል። ጠጋ ብሎ ላያቸው ግን እያንዳንዱ የሚያናድድበት የራሱ መንገድ አለው።

የመጀመሪያው ሲሚንቶ ነጋዴ ነው። ለእሱ አሸዋ ማለት ፍጥነት ነው። «ከቆምክ ትቀበራለህ» ይላል፤ አሸዋ ላይ እውነቱን ነው። ችግሩ ይህንኑ ሕግ ከብት በሚያቋርጥበት መንደርም፣ እራት ገበታ ላይም ይሠራበታል። ሰው ጀምሮ ያልጨረሰውን ወሬ ጥሶት ያልፋል። ሚስቱ ስልክ ስትደውልለት እንኳ «እሺ፣ እሺ፣ እሺ» ብሎ ሳትጨርስ ይዘጋባታል።

ሁለተኛው የጥርስ ሐኪም ነው። የጎማ አየር መለኪያ እንደ ማተብ አንገቱ ላይ አስሮ ይዞራል። አሸዋ ሲጀምር ያስተነፍሳል፣ ድንጋይ ሲመጣ ይነፋል፣ እንደገና አሸዋ ሲመጣ እንደገና ያስተነፍሳል። እሱ በየጎማው ተንበርክኮ ሲያዳምጥ እኛ ፀሐይ ላይ እንጠበሳለን። ምክሩን ያልሰማ ሰው ሲቀበር ሐኪሙ ፊት ላይ የሚወጣውን ደስታ ያየሁት እኔ ነኝ። ገመድ አስሮ ሲጎትተው እንኳ ዝም ብሎ አይጎትትም፤ ጥፋቱን ከሥር ከሥር እየዘረዘረለት ነው።

ሦስተኛው ዕቃ ሰብሳቢ ነው። ጣሪያ ላይ የሚዘረጋ ድንኳን፣ ማቀዝቀዣ፣ መጎተቻ ዊንች፣ አፈር ነክቶት የማያውቅ የሚያብረቀርቅ አካፋ አለው። ሲነዳ ከሁሉም ኋላ ነው፤ መኪናው እንዳይጫር ይፈራል። አፋር በረሃ መሃል፣ ሰው የሚጠጣውን ውኃ በጠብታ በሚቆጥብበት ቦታ፣ በጀሪካን ውኃ መኪናውን ሲያጥብ አይቼዋለሁ። ግመል የያዘች አንዲት ሴት ቆማ ታየው ነበር። እሷ ያሰበችውን አላውቅም፤ እኔ ያሰብኩት ግን ለጽሑፍ አይመችም።

አራተኛው ባሌ ነው። እንደ ነጋዴው አይከንፍም፣ እንደ ሐኪሙም አይለካም። የእሱ ጠባይ አንድ ነው፤ ወደ ኋላ አይሄድም። «እኔ የኋላ ማርሽ አላውቅም» ይላል፤ ጓደኞቹም ይስቁለታል። አፋር ላይ ጭቃ ላይ የጋገረው የጨው ቅርፊት ከሥሩ እየተሰነጠቀ፣ ሦስቱም በሬዲዮ «ተመለስ!» እያሉት ወደፊት ሄዶ እስከ በሩ ሰመጠ። ግማሽ ቀን ሲጎትቱት ዋሉ። እራት ላይ ግን ታሪኩ ተገልብጦ፣ ጭቃውን ደፍሮ የገባ ጀግና ሆኖ ቁጭ አለ። ቤትም እንዲሁ ነው። በተጣላን ቁጥር ይቅርታ የምለው እኔ ነኝ፤ ጥፋቱ የእሱ ሲሆንም።

ይህን ሁሉ ችዬ ያን ጊዜ አብሬያቸው የሄድኩት በአባቴ ምክንያት ነው። መንገዱ ገና ሰላም በነበረበት ሰሞን፣ ታህሳስ ውስጥ፣ ከአፋር በቆቦ አድርገን፣ ደጋውን ወጥተን፣ በሙጃ በኩል ላሊበላ ገብተን ገናን እንድንውል ተስማሙ። የአባቴ ቤት ከሙጃ አለፍ ብሎ መንገዱ አጠገብ ነው። አባቴ ቄስም ገበሬም ናቸው። ለሠርጋችን በአውቶቡስ አዲስ አበባ ድረስ መጥተው፣ ባርከውን በማግስቱ ተመልሰዋል። ባሌ ግን በስድስቱ ዓመት አንድ ቀን ደጃቸውን አልረገጠም። ለእረፍት ቀኑ ዳሎል ድረስ የሚነዳ ሰውዬ «ላስታ ሩቅ ነው» ይለኝ ነበር።

እናቴ ካረፈች ወዲህ አባቴ ብቻቸውን ናቸው። ጎረቤቱ በየበዓሉ «አማችዎ መቼ ነው የሚመጣ?» እያለ መልስ ያሳጣቸዋል። የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ባሌ እንደ ሰው ገብቶ ጉልበታቸውን ስሞ፣ አባቴ በጎረቤታቸው ፊት «ይኸው ልጄ» እንዲሉበት። ለዚህ ስል ቆቦ ላይ ቁርስ እየበላን ለመንኩት።

«መንገዱ ዳር አቁምና በእግርህ ግባ» አልኩት። «እኛ አገር በቅሎ ያለው ሰው እንኳ ከደጅ ወርዶ ነው የሚገባ። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

«እሺ አልኩ እኮ» አለኝ፣ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ።

በረሃውን ትተው ደጋ ሲወጡ ጠባያቸው የሚለዝብ መስሎኝ ነበር። ሙጃ ስንደርስ ገበያ ቆሟል። ሲሚንቶ ነጋዴው ከፊት እየመራ በጥሩንባ ገበያውን ሰነጠቀው። አንዲት የተጫነች አህያ ደንብራ ጭነቷን ጣለች፣ ባለቤትየዋ ራሷን ይዛ ስትጮህ አየኋት፣ እሱ ግን በሬዲዮ ይስቃል። ሐኪሙ ጎማው ሲቀዘቅዝ አየሩ እንደሚቀንስ ያስረዳል። ሰብሳቢው መኪናውን ሰው እንዳይነካበት በመስኮት ይጮኻል። ባሌን «አቁምና ጭነቷን እናንሳላት» ስለው «አሁን ካቆምን እንቀራለን» አለኝ። ከማን እንደምንቀር አልጠየቅኩትም።

አባቴ ቤት የደረስነው ከቀትር በኋላ ነው። በማግስቱ የአባቴ ገብስ በደቦ ሊወቃ ነበር። ክምሩ ቆሟል፣ ጎረቤት በሬውን አዘጋጅቷል፣ ሴቶቹ የደቦውን ጠላ ጠምቀዋል። አባቴ አውድማውን ጠርገው፣ አስተካክለው፣ ጠዋት በእበት ለቅልቀውታል፤ ገና አልደረቀም። ሰማዩ ደግሞ ያለ ወትሮው ጠቁሯል፤ ለዚህ ነበር ጥድፊያው። ይህን ሁሉ ከመስኮት በአንድ እይታ አወቅኩት፤ ያደግኩበት ነውና።

ባሌ መኪናውን መንገዱ ዳር ሊያቆም ቀዝቀዝ አደረገ። እውነቱን ልናገር፣ ሊያቆም ነበር። ያን ጊዜ ሬዲዮው ተንኮሻኮሸና የነጋዴው ድምፅ መጣ። «ሙሽራው በእግሩ ሊገባ ነው! አማቱን ፈራ!» ሦስቱም ሳቁ። ባሌ መሪውን ጠመዘዘና ከመንገዱ ወረደ።

«ያውልሽ፣ ማቆሚያ ሁሉ አዘጋጅተውልናል» አለኝ። ክብ፣ ለጥ ያለ፣ የለሰለሰ ሜዳ ታይቶት።

«አውድማ ነው! ተመለስ!» ብዬ ጮኽኩ። አባቴ ከክምሩ ሥር ብድግ ብለው ሁለት እጃቸውን አንስተው ያወናጭፋሉ። ጠርዙ ላይ ቆሞ ለመመለስ የሚበቃ ቦታ ነበረው። ግን ሬዲዮው ክፍት ነበር፤ «ተመለስ» ማለቴን ሦስቱም ሰምተዋል። ነዳጅ ረገጠ። ጎማው እርጥቡን እበት እንደነካ ተንሸራተተ፣ ባዶውን ተሽከረከረ፣ ከሥር ያለውን አፈርና ድንጋይ እየፈነቀለ ወደ ላይ ረጨው። እየረገጠ፣ እያገሳ፣ አውድማውን ከዳር እስከ ዳር አርሶት ወጣ። ነጋዴውም ከኋላው እየፎከረ ገብቶ አንድ ዙር ዞረበት።

አባቴ ወደ አውድማው መጡ። አውድማ በጫማ አይረገጥምና ጠርዙ ላይ ሲደርሱ የፕላስቲክ ጫማቸውን አወለቁ። ተቦጫጭቆም ለእሳቸው አውድማ ነበር። በባዶ እግራቸው ጭቃው መሃል ገብተው ቆሙ።

ከዚያ እነዚያ ጀግኖች አንድ በአንድ ወረዱ። ሐኪሙ የጎማውን ቦይ ጎንበስ ብሎ አየና «ቀድሞ አየሩን ቢያስተነፍስ ኖሮ እንዲህ አይቆፍርም ነበር» አለ። ነጋዴው «አፈር እኮ ነው፤ ምንድን ነው እንደዚህ?» አለ። መኪናውን መንገድ ላይ የተወውን ሰብሳቢ «አካፋህን አምጣ፣ እንደልድለው» ስለው እበቱን አየ፣ መኪናው ላይ የታሰረውን አካፋውንም አየ። «ይሄ ለአሸዋ የተሠራ ነው» አለኝ። ባሌ ደግሞ ሱሪውን እያራገፈ «ምልክት ቢያደርጉበት ምናለበት?» አለ። በሕይወቴ ሰው ለመምታት እጄን ያነሳሁት ያን ቀን ብቻ ነው፤ አባቴ አዩኝና አወረድኩት።

እንደገና መጥረግ፣ እንደገና መለቅለቅ፣ እንደገና ማድረቅ ያስፈልግ ነበር። ደቦው ተላለፈ። ዝናቡ ቀደመን፤ የክምሩ አናት እዚያው በቀለ፣ ከሥሩም ብዙው ሻገተ። አባቴ ያን ዓመት ገብስ ገዝተው በሉ።

ያን ቀን ገና እዚያው ቆመን ሳለን የሞተሩን ጩኸት ሰምተው ጎረቤቶቹ መጡ፣ ዱላ የያዘም ነበረባቸው። ከፊት የቀደሙት የአባቴ የዕድሜ እኩያ የሆኑ ሽማግሌ ናቸው። በየበዓሉ አባቴን ስለ አማቻቸው የሚጠይቁት እኒሁ ሽማግሌ ነበሩ። አውድማውን ሲያዩ ፊታቸው ተለዋወጠ።

«ኧረ አባ፣ ምን ጉድ ነው? እኒህ የማን ናቸው?»

አባቴ ዞረው ባሌን አዩት። በዚያች ቅጽበት አንድ እርምጃ ቀረብ ብሎ «እኔ ነኝ፣ አማችዎ ነኝ፣ አጥፍቻለሁ» ቢል ኖሮ አባቴ እዚያው ጭቃው ላይ አቅፈው እንደሚስሙት በነፍሴ እምልላችኋለሁ። ሌላውም ሰው ዱላውን ጥሎ «እንኳን ደህና መጣህ» ይለው ነበር። አባቴ ይህን ጠበቁ። ባሌ አንገቱን ደፍቶ ጫማው ላይ የተለጠፈውን እበት በድንጋይ ይፍቅ ጀመር።

«መንገደኞች ናቸው» አሉ አባቴ በመጨረሻ። «አላውቃቸውም። ልጄን በመንገዳቸው አሳፍረው አደረሱልኝ፤ አገሩን ስለማያውቁ ነው። ተዉአቸው፣ በሰላም ይሂዱ።»

አባቴ ሲዋሹ ሰምቼ አላውቅም ነበር። ሽማግሌው መጀመሪያ አባቴን፣ ከዚያ እኔን፣ ከዚያ ጣቴ ላይ ያለውን ቀለበት አዩ። ገባቸው። ሁሉም ገባቸው። «መንገደኛማ ከሆኑ ይሂዱ» ብለው ዱላቸውን ዝቅ አደረጉ፤ ከኋላቸው ያሉትም ገለል ብለው መንገድ ለቀቁ።

ባሌ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። ያፈረ መስሎኝ ነበር። ፊቱን ሳየው ግን በደስታ በርቷል።

«አባትሽ ብልህ ናቸው፣ ከጣጣ አወጡን» አለኝ በሹክሹክታ። «በይ ግቢ፣ ሳይመሽ ላሊበላ እንድረስ።»

ወደ መኪናው ሄድኩ። የኋላውን በር ከፍቼ ቦርሳዬን አወረድኩ። ከዚያ አባቴም፣ ጎረቤቱም፣ ጓደኞቹም እየሰሙ፣ ላደረሰኝ ሾፌር እንደምናገረው ተናገርኩት።

«ስላደረሱኝ እግዜር ይስጥልኝ። መልካም መንገድ።»