ልጁ ማታ ይተኛል?

ባለፈው እሑድ ሽማግሌዎች ሴት ልጄን ለጋብቻ ለመጠየቅ ፉሪ ቤቴ ድረስ መጡ። እንደ ወጉ ቆመው ተናገሩ፤ እንደ ወጉ ተቀመጡ አልኳቸው። ሊያገባት የፈለገውን ልጅ ትምህርት፣ ሥራውንና ቤተሰቡን ሲያስረዱኝ ሳላቋርጥ አዳመጥኩ። ሲጨርሱ አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኩ።

«ልጁ ማታ ይተኛል?»

እርስ በርሳቸው ተያዩ። ባለቤቴ ጓዳው በር ላይ ሆና አፈጠጠችብኝ። ጥግ ላይ የተቀመጠው ሽማግሌ ግን አንገቱን ደፍቶ ሳቀ። ጥያቄው ከየት እንደመጣ እሱ ያውቃል።

ላፍቶ ገና ግማሹ ማሳ፣ ግማሹ ጅምር ቤት በነበረበት ዘመን እኔና ለሚ የሚባል ጎረምሳ ጓደኛዬ አብረን ግድግዳ እንለስን ነበር። ለሚ የዚያው አገር ገበሬ ልጅ ነው፤ አባቱ ጤፍ ይዘሩበት በነበረው መሬት ላይ የሰው ቤት ይለስናል። እኔ ደግሞ ትምህርት ቤት ሳልገባ፣ ከሲሚንቶ ከረጢት ላይ ፊደል የለየሁ ሰው ነኝ። የለሚ ልስን እንደ መስታወት ነበር። ጠባዩ ግን እንደ ልስኑ ወጥ አልነበረም። አንዳንድ ወቅት ከሁላችን ቀድሞ ይመጣና የሁለት ሰው ሥራ እየዘፈነ ይጨርሳል፤ ለማያውቀው መንገደኛ ሻይ ይጋብዛል፤ ሕንፃ ልሠራ ነው ይላል። ሌላ ጊዜ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይተኛል፤ ለሥራ ስንጠራው አይነሳም።

እኔ በተፈጥሮዬ ተጠራጣሪ ነኝ። ልጆቼ ይህን አይወዱልኝም፤ እኔ ግን ሰው የሚወደውን ሰው ልብ ብሎ ማየት አለበት ባይ ነኝ። መጀመሪያ ጫት ነው ብዬ ነበር። ጃኬቱን ሲያወልቅ ኪሱን ዳበስኩ፤ ከምስማር በቀር ምንም አላገኘሁም። ጠጋ ብዬ አፉን አሸተትኩ፤ ሽንኩርት ብቻ ሸተተኝ። እናቱ የሰው ዓይን ነው ብለው ጸበል ወሰዱት። ሰነበት ብሎ ተመለሰ፤ ትንሽ ተሻለው፤ ከዚያ እንደገና ያው ሆነ። ሰውን አንዴ ከፍ አንዴ ዝቅ የሚያደርግ ባይፖላር የሚባል የአእምሮ ሕመም እንዳለ ያነበብኩት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። የለሚ እሱ ይሆናል ብዬ አስባለሁ፤ አልምልም ግን።

የመስቀል አደይ በየማሳው ዳር መጠውለግ ሲጀምር፣ አንድ ጠዋት አዲስ ኮት ለብሶ ሥራ ቦታ መጣ።

«ዘነበች ቤት ሽማግሌ ልኬያለሁ» አለኝ።

ዘነበች መካኒሳ ሸራ ወጥራ ለቀን ሠራተኛ ምሳ የምትሸጥ ልጅ ነበረች። ለሚ ከልቡ እንደሚወዳት አውቃለሁ። ደህና በሆነ ጊዜ ግን ቀና ብሎ አያያትም ነበር። መቼ ተኝተህ ነው ይህን የወሰንከው አልኩት። እንቅልፍ ለሰነፍ ነው ብሎ ሳቀ። ሳቁ ከቀልዱ በላይ ረዘመ። ያን ሳቅ ጠረጠርኩ።

ሽማግሌዎቹ መልስ የሚያገኙበት ቀጠሮ ሳይደርስ የዘነበች አባት ጋሽ ወልዴ አስጠሩኝ። ጡረታ የወጡ የመጋዘን ዘበኛ ናቸው፤ በራቸው ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ጠበቁኝ።

«ይጠጣል?»

«አይጠጣም።»

«ይቅማል?»

«አይቅምም። አረጋግጫለሁ።»

«እንዴት አድርገህ?»

«አሽትቼው።»

ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ። «ጓደኛው ነህ ወይስ ፖሊስ?»

«ጓደኛው ነኝ ጋሼ።»

«እንግዲያው የቀረውን ንገረኝ።»

ብናገር የለሚ ነገር ያበቃል፤ በእኛ አገር አንዴ አእምሮውን ያመዋል ከተባለ ወሬው ለእህቶቹም ይተርፋል። ባልናገር ልጅቱ ዓይኗን ታስራ ትገባለች። ደግሞ ራሴንም ጠረጠርኩ። ዘነበች ለእኔ ሽሮ ጨመር ታደርግልኝ ነበር፤ ያ ደስ አይለኝም ብል እዋሻለሁ። የምናገረው ለእውነት ይሁን ለሽሮው እርግጠኛ አልነበርኩም።

«የቀረውን ከራሱ አፍ ይስሙ» አልኳቸው። «እስከዚያ ሽማግሌዎቹን ያመላልሷቸው።»

የሴት ቤተሰብ በመጀመሪያው ቀን እሺ አይልም፤ የልጅቱ ክብር እንዲታወቅ ሽማግሌ ይመላለሳል። ማንም በዚህ ክፉ ነገር አይጠረጥርም። ጋሽ ወልዴ ካልኩት በላይ ገባቸው መሰለኝ፤ ራሳቸውን ነቅንቀው አሰናበቱኝ።

ከጓደኛ ጀርባ የተነገረ ነገር ሐሜት ነው። ስለዚህ በቀጥታ ወደ ለሚ ሄጄ ሁሉንም ነገርኩት። በእጁ የያዘውን ባልዲ ወረወረው።

«ለራስህ ፈልገሃታል። ሽሮ ስትጨምርልህ አይቻለሁ።»

ለካ እሱም ይጠረጥረኝ ኖሯል።

«እኔም አይቻለሁ» አልኩት። «ለዚህ ነው የእኔ አፍ ያልተናገረው። አንተ ንገራት።»

ከዚያ በኋላ አኮረፈኝ። እኔ ግን ሥራ አልቀየርኩም፤ እሱ በውጭ ሲለስን እኔ የዚያኑ ግድግዳ ውስጡን እለስን ነበር።

ሽማግሌዎቹ ሄደው በቀጠሮ ተመለሱ፤ ደግመው ሄደው በሌላ ቀጠሮ ተመለሱ። የኅዳር ብርድ ሲጠና ለሚ እንደገና አልጋ ላይ ወደቀ። ሥራ ስጨርስ ምሳ ዕቃ ይዤ እቤታቸው መሄድ ጀመርኩ። ምግቡን የምገዛው ከዘነበች ነበር። ለሚ ምን ጨምረህበታል ብሎ ፊቱን አዞረ። ምግብ ያቀረበ ሰው ቀምሶ ነው የሚያቀምሰው፤ ከፊቱ ቆርሼ በላሁ። ያን ጊዜ እሱም በላ። ሁልጊዜ እንደዚያ ሆነ፤ ሳልቀምስ አይቀምስም። መምከር የምወድ ሰው ነኝ፤ በእነዚያ ቀናት ግን አፌን ለመብላት ብቻ ከፈትኩት።

አንድ ቀን ዘነበች፣ ምሳ ዕቃው ለማን እንደሆነ ጠርጥራ፣ ተከትላኝ መጣች። ልወጣ ስነሳ ለሚ እጅጌዬን ያዘኝ።

«ተቀመጥ። ብዋሽ ታርመኛለህ።» ከዚያ ወደ እሷ ሳይዞር ተናገረ። «ሽማግሌ ሲልክ የነበረው እኔ ነኝ። ይሄም እኔ ነኝ። ሁለቱም እየተመላለሱ ይመጣሉ።»

ዘነበች ነጠላዋን አጣፍታ ከጎኑ ተቀመጠች።

«መጀመሪያ ሐኪም ቤት» አለች። «ሽማግሌ ከዚያ በኋላ።»

ለሚ ሐኪም ቤት ሄደ፤ መድኃኒት ጀመረ። ሌሎች ሽማግሌዎች የተላኩት በሚቀጥለው ዓመት፣ ከፋሲካ በኋላ ነው። ከሠርጉ በፊት ለሚ አንድ አደራ ሰጠኝ፤ ሳቄ ሲረዝም ንገረኝ፣ አላምንህም፣ አንተ ግን ንገረኝ አለኝ። ኑሯቸው ሁልጊዜ ሜዳ አልነበረም። የወደቀባቸው ዓመታት አሉ። አደራውን ግን አልበላሁም፤ ተቆጥቶኝም፣ አኩርፎኝም ነግሬዋለሁ።

ባለፈው እሑድ ጥግ ላይ ሆኖ የሳቀው ሽማግሌ ለሚ ነው። ጸጉሩ ሸብቷል። ሌሎቹ በጥያቄዬ ሲያፍሩ እሱ ተነስቶ መለሰልኝ።

«ይተኛል። እናቱን ጠይቄያለሁ። አሽትቼዋለሁም።»

እኔም እንደ ወጉ ቀጠሮ ሰጠኋቸው።

ጥርጣሬ ፍቅርን ይገድላል የሚሉ አሉ። ተደብቆ የሚኖር ጥርጣሬ ይገድላል፤ እስማማለሁ። ፊት ለፊት የተነገረው ግን እኔንና ለሚን እዚህ አድርሶናል።

ልሸኛቸው ስወጣ ለሚ በር ላይ ከባለቤቴ ጋር እየተጫወተ ሳቀ። ሳቁ ትንሽ የረዘመ መሰለኝ። ሳየው አየኝ።

«ተኝቻለሁ» አለኝ። «ካላመንክ ዘነበችን ጠይቃት።»

ሰኞ ጠዋት ደውዬ ጠየቅኳት።