ጎርፉን ከእንሰቱ ያዞርንበት ቀን

አባቴ አልጋ ላይ በዋለበት ክረምት የሚጠብቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ደቡብ አፍሪካ ያለው ወንድሜ እሑድ ከሰዓት በቪዲዮ መደወሉን። ድምፅ ብቻ አይበቃውም። «ፊቱን ካላየሁ መክሳቱን በምን አውቃለሁ?» ይላል።

እኔ በከተማችን በፎንቆ ትንሽ የኢንተርኔት ቤት አለኝ። ስለ መስመሩ የማውቀውን የተማርኩት ቪዲዮ እያየሁና የጥገና ሠራተኞችን እየጠየቅሁ ነው። ከሆሳዕና የሚመጣልን የፋይበር ገመድ አንድ ነው፤ የመንገዱን ጠርዝ ይዞ ተቀብሯል። የሞባይል ታወሩም የሚሠራው በዚያው ገመድ ስለሆነ፣ እሱ ከተበጠሰ ስልኩም ዳታውም አብሮ ይጠፋል። በሌላ በኩል ዞሮ የሚመጣ ሁለተኛ መስመር ቢኖር ከተማው አይዘጋም ነበር። የለም።

ዝናቡም እንደ ድሮው አይደለም። ይጠፋል፣ ይጠፋል፤ ሲመጣ የሳምንቱን በአንድ ከሰዓት ያወርደዋል። እንዲህ ባለ ቀን ጎርፉ ወደ እንሰታችን ዞረ። ጎረቤቶች ሳንጠራቸው ዶማና አካፋ ይዘው በደቦ መጡ። የታመመ ሰው እንሰት በጎርፍ ሲወሰድ ቆሞ ማየት እኛ ዘንድ ነውር ነው። ውሃውን ወደ መንገዱ ዳር የሚያዞር ቦይ መቆፈር ጀመሩ።

«እዚያ ጋ ገመድ ተቀብሯል» አልኩ፣ ቦታውን ለማሳወቅ የተተከለውን የሲሚንቶ ምልክት እያሳየሁ።

የአባቴ እኩያ የሆነው ጎረቤታችን ቀና እንኳ ሳይል «ገመዱ ይበላል?» አለኝ። ሌሎቹ ሳቁ።

«አይበላም፣ ጋሼ።»

«እንግዲያው ቆፍር።»

እንሰቱ እናቴ ለዓመታት የለፋችበት ምግባችን ነው። ቆፈርኩ።

በማግስቱ የመንገዱ ጠርዝ በቦያችን ውሃ ተንዶ፣ ገመዱ ተበጥሶ ቦረቦሩ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። እንሰቱን ጎርፉ አልነካውም።

በሚኒባስ ሹፌር ብልክባቸው የጥገና ሠራተኞቹ ዝናቡ እስኪያባራ አንመጣም አሉ። እሑድ አለፈ። አባቴን በስልኬ ቀረጽኩት፤ በሚኒባስ ሆሳዕና ሄጄ ለወንድሜ ላክሁለት። እሱም ራሱን ቀርጾ መለሰ፤ ይዤው ተመለስኩ።

አባቴ ስልኩን በሁለት እጁ ያዘ። «ከስተሃል» አለው። ወንድሜ ስላለበት አገር ብርድ ማውራቱን ቀጠለ።

«መቼ ትመጣለህ?» አለ አባቴ፤ መልሱን ጠበቀ። ወንድሜ «ራስህን ጠብቅ፣ አባዬ» ብሎ እጁን አወዛወዘ፤ ምስሉ ቆመ።

«አልሰማኝም እንዴ?»

«ቀድሞ የተቀረጸ ነው፣ አባዬ።»

ስልኩን መለሰልኝ። «እንግዲያው ተመልሰህ ሂድና ጠይቅልኝ።»

ጠዋት ሄድኩ። ወንድሜ ሥራ ላይ ስለነበር መልሱን ረጅም ሰዓት ጠበቅሁ። «ለገና እመጣለሁ በለው» ሲል እየሳቀ ነበር። መልሱን ይዤ ስደርስ ጎረቤቶቻችን፣ እነዚያው ሰዎች፣ ግቢያችን ውስጥ ድንኳን እየተከሉ ነበር።

የጥገና ሠራተኞቹ ከቀብሩ በኋላ መጡ። ገመዱን ቀጥለው እዚያው የተናደው ጠርዝ ውስጥ፣ ከቦያችን አፍ ሥር መልሰው ቀበሩት። ወደ ላይኛው የመንገዱ ወገን ውሰዱት ብዬ ለመንኩ። «የታዘዝነው ጠግኑ ተብለን ነው፣ ወንድሜ» አለኝ አንዱ፤ ሰውዬው ክፉ አልነበረም።

መስመሩ እንደተመለሰ ወንድሜ ደወለ። አለቀሰ፣ አለቀሰና «መልሴን ሰማ?» አለኝ።

«አልደረስኩም።»

ገመዱ ዳግም እንዳይበጠስ ቦዩን ለመድፈን አንድ ቀን አካፋ ይዤ ወጥቼ ነበር። ከደፈንኩት የሚቀጥለው ጎርፍ እናቴ የምትበላውን ይወስዳል። አካፋውን ይዤ ገባሁ።