የኦቦ ጉግሳ አግዳሚ ወንበርና የጅቡቲ ባሕር

ጎረቤቴ ኦቦ ጉግሳ ጊንጪ ተወልደው፣ ጊንጪ እህል ነግደው፣ እዚሁ ያረጁ ሰው ናቸው። ባሕር በዓይናቸው አይተው አያውቁም። ከሬዲዮ ግን ብዙ ሰምተዋል። አንዳንድ የባሕር ጠረፍ ከተሞች የከርሰ ምድር ውኃው ከሥራቸው እየተቀዳ መሬታቸው እንደሚሰምጥ፣ ባሕሩም ከፍ እያለ እንደሚመጣባቸው ያውቃሉ። ያን ከሰሙ ወዲህ ሰው ሁሉ ጊንጪ ቢገባ ይሻለዋል ይሉ ነበር።

ቦንሳ የሚባል ጅቡቲ ወደብ ላይ የነጋዴ ዕቃ የሚያስፈታ ትራንዚተር ልጃቸውን ለንሳን ለትዳር ፈልጎ፣ በኦቦ ዳዲ መሪነት ሦስት ሽማግሌዎች ላከ። ሽማግሌዎቹ የልጁን ዘር እስከ ሰባት አባት አጥንተው ነበር የመጡት። ኦቦ ጉግሳ ግን ስለ ዘር ምንም አልጠየቁም። የጠየቁት የልጁ ቤት ከባሕሩ ምን ያህል ከፍ እንደሚል ነው። ኦቦ ዳዲ የዘር ቆጠራውን አራተኛው አያት ላይ አቋረጡ። ሽማግሌዎቹ መልሱን አጣርተው ሊመጡ በቀጠሮ ተመለሱ።

በሁለተኛው ቀጠሮ ሽማግሌዎቹ የቦንሳ ቤት ሦስተኛ ፎቅ ላይ መሆኑን በኩራት ተናገሩ። ኦቦ ጉግሳም፣ መሬቱ ሲሰምጥ ፎቁ ብቻውን ሰማይ ላይ ይቀራል ወይ አሏቸው። ለንሳ ጓዳ፣ በመስተንግዶው ላግዝ ከመጣሁት ከእኔ ጎን ቆማ የነጠላዋን ጫፍ ትቋጥራለች፣ ትፈታለች። ሽማግሌዎቹ ዛሬም ባዶ እጃቸውን ከተመለሱ የቦንሳ ቤተሰቦች ዳግመኛ አይልኩም ብላኛለች።

የእኛ መሬት ኮትቻ ነው፤ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል። የኦቦ ጉግሳ ሳሎን አንዱ ጥግ በየዓመቱ ዝቅ ስለሚል፣ የአግዳሚውን እግር በጠፍጣፋ ድንጋይ ይደግፉት ነበር። ያን ቀን ቤት ሲጠረግ ድንጋዩ ጓዳ ቀርቷል። አግዳሚው ላይ የተቀመጡት ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን እንደያዙ ቀስ በቀስ ተንሸራተው አንድ ጥግ ተከመሩ። ከሥር የቀሩት ኦቦ ዳዲ በግድግዳው ስንጥቅ የአምቦን አውቶቡስ ሲያልፍ አዩት።

«ኦቦ ጉግሳ፣ ባሕሩ እዚህ ደርሷል እንዴ?» አሉ።

ኦቦ ጉግሳ አፍረው ድንጋዩን አምጪ ብለው ልጃቸውን ጠሩ። ለንሳ ይዛ ገባችና ተንበርክካ ከአግዳሚው እግር ሥር አስገባችው። ቀና ሳትል፣

«አባዬ፣ እዚያም ቤቱ ዝቅ ቢል ድንጋይ አላጣም» አለች።

ኦቦ ጉግሳ ስንጥቁን አዩ፤ ወንበሩንም አዩ።

«የጅቡቲን ድንጋይ አላምነውም። ይሄንኑ ትወስጃለሽ።»

«ልጅቷን ሰጡን ማለት ነው?» አሉ ኦቦ ዳዲ።

«ድንጋዩን ሰጥቻለሁ። ያለ እሷ ማን ይሸከመዋል?»

አሁን አግዳሚው በብሎኬት ቁራጭ ተደግፏል። ኦቦ ጉግሳ ጅቡቲ ሲደውሉ መጀመሪያ የሚጠይቁት ስለ ድንጋዩ ነው።